«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» – ከማኅበራዊ ሥነ ልቡና ክፍል እስከ ቀበሌ ስብሰባ

ማኅበራዊ ሥነ ልቡና በማስተምርበት ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አንድ የማልወደው ቀን አለ፤ የስታንሊ ሚልግራም ሙከራ ተራ የሚደርስበት ቀን። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እነሆ፦ እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተራ ሰዎች በጋዜጣ ማስታወቂያ ተጠርተው መጡ። ከግድግዳው ወዲያ ያለ አንድ ሰው ጥያቄ በሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲያነዝሩት፣ ኃይሉንም ደረጃ በደረጃ እንዲጨምሩ ታዘዙ። ሰውየው በእርግጥ አይነዘርም ነበር፤ ጩኸቱም የተቀነባበረ ነው፤ እነርሱ ግን ይህን አያውቁም። ጋዋን የለበሰው አዛዥ ጠመንጃ አልያዘም፣ ደመወዝ አልቆረጠም፤ «እባክህ ቀጥል» ብቻ ነው ያለው። ከ40ዎቹ ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ።

ይህን ከተረክሁ በኋላ ተማሪዎቼን፣ «እናንተ ብትሆኑ ኖሮ አሻፈረኝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» እላቸዋለሁ። ሁሉም ያወጣሉ። ነገር ግን ከማውጣታቸው በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ግራና ቀኛቸውን ያያሉ። የፊተኞቹ እጆች ሲወጡ የኋለኞቹ ይከተላሉ። አልታዘዝም ለማለት እንኳ የጎረቤትን እጅ መጠበቅ! ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ግን አብሬ መሳቅ የተውሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ እነዚያ እጆች ሌሎች እጆችን ያስታውሱኛልና።

ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሽግሽግ የተካሄደበት ዓመት። እኔ በፍኖተ ሰላም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቄን ለመያዝ በእግሬ ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ። መንደራችን ከዋናው የቡሬ መንገድ ገባ ያለ፣ ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት አገር ነው። በአንዱ ቅዳሜ ስደርስ ሕዝቡ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ አገኘሁት። የስም ዝርዝር ይነበብ ነበር።

ወጣት አንባብያን ላያስታውሱት ስለሚችሉ ነገሩን ላብራራ። በሽግሽጉ ገበሬው በመደብ ተከፈለ። በንጉሡ ዘመን ባለ ርስትና ባለ ሥልጣን የነበረ «የፊውዳል ቅሪት»፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም የፍርድ ሸንጎ አባል የነበረ ደግሞ «ቢሮክራሲ» ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ሲፈቀድለት፣ ቢሮክራሲ የተባለው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። የተረፈው መሬት ለመሬት አልባዎችና ጥቂት ላላቸው ተሰጠ። እኔ ቢሮክራሲ ማለት ከጠረጴዛ ኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ስማቸው የተጠራው ጎረቤታችን ግን ወንበር እንኳ አልነበራቸውም፤ መቀመጫቸው የጭቃ መደብ ነው። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ስለ ረገጡና ፊደል ስለ ለዩ፣ በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ተደርገው ነበር። ወንጀላቸው ማንበብ መቻላቸው ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ጸጥ አለ። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲል እጆች ወጡ። መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከመካከል፣ በመጨረሻ ከኋላ። ከእነዚያ እጆች አንዱ የአባቴ ነበር። አባቴ ከዚያ ሰው ጋር በደቦ አብሮ ያረሰ፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር የጠጣ ሰው ነው። ማታ እናቴ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስትጠይቀው፣ እሳቱን እየቆሰቆሰ «ሁሉ ሲያወጣ እኔ ምን ልሁን?» አላት። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለዚህ ነገር የተነሣ የለም።

ከእኒያ ሰው ከተቆረጠው መሬት ሁለት ጥማዱ ጎጆ ከወጣ ገና ዓመቱ ለነበረው ለታላቅ ወንድሜ ደረሰው። ወንድሜ በርበሬ ዘራበት። ከበርበሬው ሽያጭ የእኔ የደብተርና የቤት ኪራይ ገንዘብ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት፣ ኋላም ለዶክትሬት የበቃሁት ከዚያ ማሳ በልቼ ነው።

ዓመታት አልፈው ስድስት ኪሎ ገባሁ። በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሎሞን አሽን ሙከራ ሳነብ የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አሽ የጠየቀው ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው፦ ከሦስቱ መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? በክፍሉ የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ግን አስቀድመው የተመከሩ ናቸው፤ ሆን ብለው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይናገራሉ። ከተፈተኑት ሰዎች ሦስት አራተኛ እጅ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የጉባኤውን ስሕተት ደገሙ። በኋላ ሲጠየቁ፣ አንዳንዶቹ የተናገሩት ትክክል እንዳልሆነ እያወቁ ከሌላው ላለመለየት ብለው እንዳደረጉት ተናዘዙ። «ሁሉ ሲያወጣ እኔ ምን ልሁን?» ማለት ይኸው አይደለምን?

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ከዋርካው ሥር ከተቀመጡት መካከል ስንቱ በልቡ ይቃወም እንደ ነበር ዛሬ መቁጠር አይቻልም፤ ነገር ግን በማግስቱ በየቤቱ የሰማሁት «ግፍ ነው» የሚል ሹክሹክታ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በልቡ እየተቃወመ፣ ሌላው ሁሉ ግን ያመነበት እየመሰለው እጁን ያወጣል። የእርሱም እጅ ለቀጣዩ ሰው ማስረጃ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጉባኤ ማንም ያላመነበት ነገር በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ካድሬው ማሳመን አያስፈልገውም፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

በዚያው ሰሞን የዶናልድ ሌቪንን እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፍም አንብቤ ነበር። መጽሐፉ ትልቅ ነው፤ ስለ አማራ ገበሬ ሽፍን ንግግርና ግለኝነት የሚለው ብዙ እውነት አለው። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎቻችን የተማርን ሰዎች የገበሬውን ዝምታ ሁሉ በ«ባህሉ ነው» መዝጋት ለመድን። የአሽና የሚልግራም ሰዎች ጎጃሜዎች አልነበሩም፤ ቅኔም አልዘረፉም። ዝምታው ከስብሰባው አሠራር የመጣ እንደ ሆነ አሠራሩን መጠየቅ ይገባል እንጂ የሕዝቡን ጠባይ መክሰስ ምን ይባላል?

ይህ ሕዝብ ዝም ማለትን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ እንዳልወጣ ደግሞ ራሱ ጎጃም ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ አይለካም፣ ገማች አይገባም ብሎ ተነሣ። በሞጣና በብቸና ነገሩ እስከ ጦርነት ደረሰ። በመጨረሻ ማዕከላዊው መንግሥት ነው የተመለሰው፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያ ገበሬ በ1989 ዓ.ም. ከዋርካው ሥር እጁን ያወጣው ገበሬ አባት ነው፤ አንዳንዱም ራሱ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ?

የእኔ መልስ የሚከተለው ነው። የ1960ው አዋጅ ሁሉን በአንድነት የሚነካ ስለ ነበር ሁሉን በአንድነት አስነሣ። የ1989ኙ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ አንዱ የሚያጣው ሌላው የሚያገኘው ሆነ። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው ቱርክ ተወላጅ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ ስፍራ ያሳየው ይህንኑ ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ቡድን ብቻ ለሚወስደው ሽልማት ሲያወዳድራቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠላቶች ሆኑ፤ ባንዲራ እስከ መቃጠል ተደረሰ። አስታራቂ ስብከት አልሠራም። የሠራው የውኃ መስመር ሲቋረጥና መኪናው ሲበላሽ ያለ ሁለቱ ቡድን ኅብረት የማይፈታ ችግር ሲገጥማቸው ነው። (ሁሉን ሙከራ እንደ ወንጌል እንደማልቀበል እግረ መንገዴን ልናገር። የዚምባርዶን የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ ለምሳሌ፣ ጠባቂዎቹ ምን እንዲያደርጉ ሲነገራቸው እንደ ነበር ከታወቀ ወዲህ እንደ ማስረጃ ማስተማር ትቻለሁ።)

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን ይህንም ልናገር። ሽግሽጉ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ባል ለሌላቸው ሴቶች መሬት ሰጥቷል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወንድሜም አንዱ ነው። ጥያቄዬ መሬት ለምን ተከፋፈለ አይደለም። ለማከፋፈል ሰውን በስም መፈረጅ፣ ፍርጃውንም በገዛ ጎረቤቱ እጅ ማጸደቅ ለምን አስፈለገ ነው። ማሳ በገመድ ይለካል፤ «ቢሮክራሲ» ግን በምን ይለካል? ሄንሪ ታጅፌል እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆችን በማይረባ ምክንያት፣ ለምሳሌ ይህን ወይም ያን ሥዕል መረጣችሁ ብሎ መክፈል ብቻውን ለራስ ወገን እንዲያደሉ ይበቃል። ስም ከወጣ በኋላ ልዩነቱን ሰው ራሱ ያበጃል።

እኛ አገር ስም ማውጣት መቼም አልቦዘነም። በደርግ ጊዜ አድኃሪ፣ ፀረ አብዮት፤ ቀጥሎ የፊውዳል ቅሪት፣ ቢሮክራሲ፤ ከዚያም አንድ ለአምስት መጥቶ አምስት ጎረቤታሞች እርስ በርስ እንዲገማገሙ ሆነ። ዛሬስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በምዕራብ ጎጃም የምንሰማቸው ስሞች ሌሎች ናቸው። በአንድ ወገን «ጽንፈኛ»፣ በሌላው ወገን «ባንዳ»። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ስሟ የሰላም ጎዳና ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም ከተማ መካከል የአየር ጥቃት ደርሶ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ከሆስፒታል ምንጭ ተዘገበ። የሟቾቹ ሙያና ዕድሜ ከመታወቁ በፊት በማኅበራዊ መገናኛው ስማቸው ወጥቶላቸው ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ክፍል ገብቶ ያስተማረ መምህር፣ ደመወዙን የተቀበለ የጤና ሠራተኛ «ባንዳ» ሲባል «ኧረ ይህስ አይባልም» የሚል ሰው በአደባባይ ሲጠፋ አይተናል። ሁለቱን ወገኖች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አውሮፕላን ያለው አንዱ ነው። ነገር ግን የሁለቱም ጉባኤ ሕዝቡን የሚያስቀምጠው ያኔ ከዋርካው ሥር በተቀመጠበት አኳኋን ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ካለ ከእነዚያው ሙከራዎች ውስጥ ነው ያለው። በአሽ ሙከራ ከተመከሩት ሰዎች አንዱ ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ፣ የጉባኤው ጫና ወደ አንድ አራተኛው ያህል ወረደ። በሚልግራምም እንዲሁ፤ ሁለት ባልንጀሮች «አንቀጥልም» ብለው ሲነሡ፣ ከ40 ሰዎች እስከ መጨረሻው የሄዱት አራት ብቻ ሆኑ። ጀግና ሠራዊት አላስፈለገም። አሽ መልሱን በቃል መናገር ትቶ ለብቻ በወረቀት እንዲጻፍ ሲያደርግ ደግሞ ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ የገጠሩ ስብሰባ ነገ በማንም እጅ ቢገባ፣ የሰው መሬትና ስም የሚወሰንበት ድምፅ በእጅ ማውጣት እንዳይሆን ሕግ ይውጣ እላለሁ። ባቄላና ሽንብራ ማሰሮ ውስጥ መጣልም ቢሆን ይሻላል።

በክፍሌም ይህንኑ ጀምሬያለሁ። የሚልግራም ቀን ሲደርስ እጅ ማስወጣቱን ትቼ ስም የሌለበት ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ። «አላውቅም»፣ «እቀጥል ይሆናል» የሚሉ ወረቀቶች መምጣት ጀምረዋል።

ጎረቤታችንን በተማሪነቴ ጊዜ፣ በአንድ ክረምት ለዕረፍት በሄድሁበት፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። አራቷን ጥማድ አርሰው፣ ልጆቻቸውን አድረው፣ አርጅተዋል። ቡና ተፈላ። የአባቴን ነገር ለማንሣት ድፍረት አጥቼ በዘወርዋራ፣ «አያ፣ ያን ቀን እጁን ያላወጣ ሰው ነበር?» አልኋቸው።

ሲኒውን አስቀመጡና ዝቅ ብለው አዩኝ። «እንዴት ይኖራል ልጄ?» አሉኝ። «እኔም እኮ አውጥቻለሁ።»