የአንጎልና የአከርካሪ ሕክምና የሚጀምረው የት ነው?

አንጎልና በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር በአጥንት ምሽግ ተከበው የሚኖሩ ናቸው። ይህ ምሽግ በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ እንደ ሌላው ቁስል ፋታ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማሳሰብ እንወዳለን።

ከ20 ዓመት በፊት ገደማ በአገራችን አንጎልንና አከርካሪን ቀደው የሚያክሙ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሙያውንም የተማሩት በውጭ አገር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ከጀመረ ወዲህ ግን፣ የራሳችን ልጆች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተምረው ወገናቸውን ለማከም በቅተዋል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የሐኪሙ መገኘት ብቻውን በሽተኛውን አያድንም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ራሱን የተመታ ሰው ለጥቂት ጊዜ ስቶ ከነቃ በኋላ ደኅና መስሎ ሲነጋገር ሊቆይ ይችላል። በዚያው ሰዓት ግን ከራስ ቅሉ ሥር የተበጠሰ የደም ሥር እየደማ አንጎሉን ይጫነው ይሆናል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ራስ ምታትና ማስታወክ ይበረታበታል፤ ከባድ እንቅልፍም ይጥለዋል። ቶሎ የተደረሰለት እንደ ሆነ ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከፍቶ የረጋውን ደም ያወጣለታል፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከዘገየ ግን ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ታዲያ የሚያዘገየው ምንድን ነው? ደሙ ያለበትን ስፍራ የሚያሳየው ሲቲ ስካን የተባለው መሣሪያ ተበላሽቶ፣ የማስጠገኛው ደብዳቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? የራስ ቅል መሰርሰሪያው፣ ኦክሲጅኑ፣ ሰመመን ሰጪው ባለሙያ ወይም ለበሽተኛው የሚሰጠው ደም ከጎደለስ? ያን ደብዳቤ በደረሰበት ቀን አይቶ የሚመራ ወጣት ሹም፣ ቢላዋ ሳይጨብጥ ከሕክምናው ተካፍሏል ማለት ነው።

ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። ሕብለ ሰረሰር አንድ ጊዜ ከተቆረጠ እንደ አጥንት ተመልሶ አይገጥምም። በመንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ራርተንለት ብብቱንና እግሩን ጎትተን መኪና ውስጥ ስናስገባው፣ መራመድ ይችል የነበረውን ሰው ሽባ ልናደርገው እንችላለን። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር ሳያነቃንቁት አምቡላንስ መጥራት፣ የግድ መነሣት ካለበትም ብዙ ሰው ሆኖ ራሱን፣ አንገቱንና ወገቡን በአንድ መስመር ይዞ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ማጋደም ይገባል።

እንግዲህ ይህ ሕክምና የሚጀምረው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳይሆን በመንገዱ ዳርና በቢሮው ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ተረድተን፣ እያንዳንዳችን የተሰጠንን ድርሻ በሰዓቱ እንፈጽም እንላለን።