መንገድ ጠራጊ ተብሎ የተረሳው አልበም

«መንገድ ጠራጊ» የሚለውን ሙገሳ እፈራዋለሁ። አንድ የሙዚቃ ሥራ ይህ ስም ከወጣለት በኋላ ሰዉ በአክብሮት ያነሳዋል እንጂ አይሰማውም። ከኋላው የመጡትን ያዳምጣል፤ እሱን ግን «አዎ፣ የጀመሩት እነሱ ናቸው» ብሎ ያልፈዋል። ዋችታወር የተባለው የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ባንድ ሁለተኛ አልበም፣ «ኮንትሮል ኤንድ ሬዚስታንስ»፣ ዕጣው ይኸው ሆኗል። በ1989 ከወጣ ጀምሮ (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ስሙ በብዛት የሚነሳው ገናናው ባንድ ድሪም ቲያትር ከማን ተማረ በሚባልበት ጊዜ ነው። የድሪም ቲያትሩ ድራመር ማይክ ፖርትኖይ ውለታ አልካደም፤ ዋችታወር ተጽዕኖ እንዳሳደረበት በግልጽ ተናግሯል። የሚቆጨኝ የምስጋና ማነስ አይደለም። ይህን ያህል ሥራ የሌላ ሰው ታሪክ መግቢያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ዋችታወሮች የኦስቲን፣ ቴክሳስ ልጆች ናቸው። ባንዱን በ1982 ሲመሠርቱ ሜታል የፍጥነት ዘመኑን ሊጀምር ገና እየተንደረደረ ነበር። ቤዚስቱ ዳግ ካይዘርና ድራመሩ ሪክ ኮላሉካ ፍጥነቱን ወደዱት፤ ግን አልበቃቸውም። የካናዳውን ባንድ ራሽን ይሰሙ ነበር፣ የጃዝ ፊውዥን ተጫዋቾችንም ይሰሙ ነበር። ያንን የተወሳሰበ ስልተ ምት በትራሽ ሜታል ፍጥነት እንጫወተው አሉ። በ1985 የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኢነርጀቲክ ዲስአሰምብሊ»ን በራሳቸው ወጪና ስም አሳተሙ። ከዚያ ጊታሪስቱ ቢሊ ዋይትና ድምፃዊው ጄሰን ማክማስተር ለቀቁ። ማክማስተር የገባበት ዴንጀረስ ቶይስ የተባለ ባንድ በዚያው በ1989 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ከጊዜ በኋላ ከ500 ሺህ ቅጂ በላይ ተሽጦ የወርቅ ዕውቅና አግኝቷል። የቀሩት ወርቅ አላዩም። በጊታሪስቱ ቦታ ሮን ጃርዞምቤክ፣ በድምፃዊው ቦታ ከኒው ጀርዚው ሄዲስ ባንድ የመጣው አለን ቴኪዮ ገቡ፤ ኖይዝ ሬከርድስ የተባለው የጀርመን አሳታሚ አስፈረማቸውና ወደ በርሊን ሄዱ።

በ1989 የተቀረጹባት ምዕራብ በርሊን ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። ግንቡ የተከፈተው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ላይ ነው። አልበሙ ስለ ግንቡ ነው አልልም፤ ከሥራው ውስጥ የሌለ ነገር ማውጣት አልፈልግም። ግን ርዕሱ ቁጥጥርና እምቢታ የሆነ ሥራ፣ ከዘፈኖቹ አንዱም ስለ ቼርኖቤል የሆነ፣ የዚያን ጊዜ አየር ሳይተነፍስ አልተሠራም።

ስለዚያ ዘፈን ልቆይ፤ «ሜይዴይ ኢን ኪየቭ» ይባላል። የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ፍንዳታ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት ነበር። ጣቢያው ከኪየቭ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በማግስቱ ፕሪፕያት የተባለችው የሠራተኞቹ ከተማ ነዋሪ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። ሞስኮ ለሕዝቡ የነገረችው ግን ስዊድኖች ጨረሩን በራሳቸው መሣሪያ ካገኙት በኋላ ነው፤ እሱንም በጣት በሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮች። ሚያዝያ 23 ደረሰ፤ የላብ አደሮች ቀን። ነፋሱ ወደ ኪየቭ ዞሮ ጨረሩ ከፍ ብሎ እያለ ሰልፉ አልተሰረዘም። ሕፃናት ሳይቀሩ ባንዲራና አበባ ይዘው በክሬሻቲክ ጎዳና ተሰለፉ። በደርግ ዘመን በአብዮት አደባባይ የሜይዴይ ሰልፍ የወጣ አንባቢ ያቺን ቀን ለመገመት አይቸገርም። ሰልፉ መቅረት የለበትም ከተባለ አይቀርም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም።

አሁን ሙዚቃውን ስሙት። ጊታሩ አንድ ዜማ ይዞ ይነሳል፤ ቤዙ ሌላ ይዞ ይሮጣል፤ ድራሙ ሁለቱንም እያየ ለማንም አያደላም። ጆሮ አንዱን ምት ያዝኩ ሲል ምቱ ይቀየራል። ሁሉም ተበታተኑ ሲባል ደግሞ በአንዲት ቅጽበት አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ወዲያው ይለያያሉ። ይህንን «ችሎታ ለማሳየት ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰው መርዝ መሆኑን በማያውቀው አየር ውስጥ ሲሰለፍ የሚያሳይ ዘፈን በሰልፍ ማርሽ ምት ቢሠራ ውሸት ይሆን ነበር። እግር የሚያሳርፍበት ቦታ የሚነፍግ ሙዚቃ ያስፈልገው ነበር፤ እሱኑ አገኘ።

ከሁሉ በላይ ስለ ቤዙ መናገር አለብኝ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1988፣ ሜታሊካ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል»ን አወጣ። ታላቅ አልበም ነው፤ ዘፈኖቹም ረጃጅምና ውስብስብ ናቸው። ነገር ግን የጄሰን ኒውስተድ ቤዝ በሚክሲንጉ ተቀብሮ ጆሮ አቁሞ ለሚፈልገውም በጭንቅ ነው የሚገኘው። በዘመኑ ሜታል ውስጥ ቤዝ በአብዛኛው የጊታር ጥላ ነበር፤ ጊታሩ የሄደበትን ከሥር እየተከተለ ያወፍራል። የካይዘር ቤዝ ጥላ አይደለም። በጣቶቹ ነው የሚመታው፤ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጊታሩ ሶሎ ሲገባ ቦታውን ይሞላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ወግ ይጀምራል። አንዳንዴ ዘፈኑን የሚመራው ጊታሩ ሳይሆን እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ከዚህ አልበም በፊትም በኋላም በሜታል ውስጥ ጎበዝ ቤዚስት ብዙ ነበር፤ ባንዱ ሁሉ ለቤዙ እንዲህ ቦታ የለቀቀለት ግን ጥቂት ነው።

የሚነቀፍ የለውም ማለቴ አይደለም። የቴኪዮ ድምፅ ከፍተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ከፍታ አይወርድም፤ የማይለምደው ሰው አለ። እንደ ልብ የሚያዜሙት አዝማች የለውም ማለት ይቻላል። የቀረጻው ድምፅ ጥርት ያለ ቢሆንም ሳሳ ይላል፤ ሜታል ደረት ሲመታ የሚወድ ሰው ይጎድለዋል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው «የጭንቅላት ሙዚቃ ነው፣ ልብ የለውም» የሚለውን ፍርድ ነው። ፍርሃት የልብ ነገር አይደለም እንዴ? የእነዚህ ስምንት ዘፈኖች ሥር ፍርሃት ነው፤ ሳይነገረው ስለሚሞት ሰውና ሳይጠየቅ ስለሚወሰንበት ሰው ያለ ፍርሃት። ድሪም ቲያትር ከሦስት ዓመት በኋላ «ኢሜጅስ ኤንድ ዎርድስ»ን አውጥቶ ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚባለውን ይህን ውስብስብ ስልት ወደ ቴሌቪዥን ሲያወጣው ውበትና ስፋት ጨመረለት፤ እኔም ደስ እያለኝ እሰማዋለሁ። ያ ፍርሃት ግን አብሮ አልተሻገረም። ስለዚህ የኋለኛውን የሰማ ሰው የፊተኛውን ሰምቻለሁ ማለት አይችልም።

ሦስተኛው አልበም «ማቴማቲክስ» ሊባል ታስቦ ነበር። አልወጣም። ጃርዞምቤክ በጣም የሚያስፈልገው እጁ ታመመ፤ የጊታሩን አንገት የሚይዝበት እጁ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ለጊታሪስት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ተመልሶ ስፓስቲክ ኢንክ በተባለ ሌላ ባንድ ከድራመር ወንድሙ ከቦቢ ጋር ተጫወተ። ዋችታወርም በ2016 «ኮንሴፕትስ ኦፍ ማዝ፦ ቡክ ዋን» የተባለች አጭር ሥራ አወጣ፤ ካይዘር፣ ኮላሉካ፣ ጃርዞምቤክና ቴኪዮ ከ27 ዓመት በኋላም እንደዚያው ስል ናቸው። የወጣችው ግን ብዙም ሳይወራላት ነው።

አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁሉን በአንዴ ለመያዝ ባይታገል ይሻለዋል። «ዘ ኤልድሪች» አጭር ስለሆነች ከእሷ ቢጀምር፣ አንድ ጊዜ ድምፃዊውንም ጊታሩንም ትቶ ቤዙን ብቻ ቢከተል ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያቺኑ ዘፈን ደግሞ ኮላሉካን ብቻ እየተከተለ ይስማት፤ የት ቦታ ላይ ምቱን እንደሚያጥፍ ጆሮው ይለምደዋል። የርዕሱን ዘፈን ከዚያ በኋላ ያምጣው። «ዘ ፎል ኦፍ ሪዝን»ን ግን ለመጨረሻ ያቆየው፤ ከስምንቱ ረጅሙ እሱ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥራ እየሠሩም አይሰማም።