ይህ ጉራዴ የማን አገር ነው?

«ሁለት ሰይፍ በአንድ አፎት አይገባም» ይባላል። የሁለትና የሦስት አገር ሥራ ግን በአንድ አፎት ሲያድር እናያለን።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ ለሚወጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የጋሞ አባቶች የጥንት መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ጉራዴም አብሮት ገባ። አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረችና፥ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ጉራዴ ተሰቅሎ ቢገኝ አያስደንቅም። የሚያስቸግረው «የማን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ መጀመሪያ ስለቱን ይመልከቱ። አንበሳና የግዕዝ ፊደል ስላዩ ብቻ «ያገራችን ቀጥቃጭ የሠራው ነው» አይበሉ፤ በጀርመን አገር የዞሊንገን ከተማ ሰይፍ ሠሪዎች ለኢትዮጵያ ሲሠሩ አንበሳውንም ፊደሉንም ቀርጸው ይልኩ ነበር። የሠሪው ምልክት ብዙ ጊዜ ከእጀታው አጠገብ ይገኛል። ቀጥሎ እጀታውን ይዩ፤ ከአውራሪስ ቀንድ የተጠረበ፥ የእጅ መከለያ የሌለው ከሆነ ያገር ልጅ አበጅቶታል። በመጨረሻ አፎቱን ያገላብጡ፤ በቀኝ ጎን እንዲታጠቁት የተሠራ ከሆነ የኢትዮጵያ ወግ ነው፤ የአውሮፓ ወታደር በግራው ይታጠቃልና።

እንግዲህ ስለቱ የት እንደ ተወለደ፥ እጀታው ማን እንዳበጀው፥ አፎቱ የት እንዳረጀ ይነግረናል። አንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ሁለቱን ምስክሮች ማባረር ነው።

ይህን የምንለው ለጨዋታ አይደለም። ገዢ ሲመጣ ስለቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማብረቅ፥ የተቀደደውንም አፎት አውጥቶ መጣል ሰውን ይቃጣዋል። በዚያ አፎት ላይ ግን አንድ የጋሞ ቆዳ ሠሪ የጣፈው ቦታ ሊኖር ይችላል። የዞሊንገኑ ባለሙያ ስሙን በብረት ላይ አትሟል፤ የጋሞ ቀጥቃጭና ቆዳ ሠሪ ግን በሙያው ሲናቅ፥ መሬትና ጋብቻ ሲከለከል የኖረ ነውና ስሙን የጻፈለት የለም። ፊርማው ስፌቱ ነው።

ስለዚህ በቤትዎ ጉራዴ ቢኖር አይፈግፍጉት፤ አፎቱንም አይጣሉ። ማን እንደ ታጠቀው፥ ማን እንደ ጠገነው ሽማግሌው ሳያልፍ ጠይቀው ይጻፉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል፤ ታሪኩ ከቤት እንዳይወጣ የሚከለክለው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።