ዘውዱ ወረደ፤ ዙፋኑስ?

«ንጉሡ ባይወርዱ ኖሮ ይህ ሁሉ መዓት አይደርስብንም ነበር» የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ድምዳሜያቸውን ግን አልቀበልም። አገር የጎዳው የዘውዱ መውረድ ሳይሆን ዙፋኑ ለሌላ ባለ ጊዜ ተነጥፎ መቆየቱ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ የ1948ቱንም ሕገ መንግሥት አገደ። ያለ ደም ይፈጸማል የተባለው ለውጥ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በመጋቢት ዘውዳዊው ሥርዓት ጨርሶ ተሻረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ ርስት ቀንበር ማላቀቁን አልክድም። ይሁን እንጂ አዲስ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ «ሪፐብሊክ» የሚለው ስምም የመጣው ከእርሱ ጋር ነው። ከ12 ዓመታት በላይ ገዢውን የሚገድብ ሕገ መንግሥት አልነበረም! ታዲያ የወደቀው ሪፐብሊክ ነው ወይስ ሳይተከል የቀረ ሪፐብሊክ?

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ስለዚህ «ማን ይንገሥ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «የሚገዛንን ማን ይጠይቀው?» እንበል። ይህ ካልተመለሰ ዘውድም መለዮም አንድ ናቸው።

ቸር ይግጠመን።