የማንዶሊን አንገት ለምን ባዳ ይሁን?

«ስኬል የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ስሜት ይበቃናል» የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ስንፍናን በባህል ካባ መሸፈን ነው። የአየለ ማሞን ማንዶሊን የሰማ ሁሉ መሣሪያው የእኛን ዜማ ለመናገር እንደማይቸገር ያውቃል።

በሙዱላ ማንዶሊን የያዘ ወጣት ዘፈኖችን በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ በቃሉ ያጠና እንደሆነ፣ ድምፃዊቷ «ጥቂት ከፍ አድርግልኝ» ባለችው ጊዜ እጁ ይታሰራል። አራቱ ጥንድ ክሮች ግን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው በእኩል ርቀት የተቃኙ ናቸው። ስለዚህ ክፍት ክር ሳይነካ የተጠና የጣት አካሄድ ወደ ላይ ቢገፋም አይለወጥም። የአንዱ ክር 7ኛ ፍሬት የቀጣዩን ክፍት ክር ድምፅ፣ 12ኛው የራሱን ኦክታቭ ይሰጣል።

የውጭውን መጽሐፍ እንዳለ የሚገለብጡ መምህራንም ከወቀሳ አያመልጡም። የዶ፣ ሚ፣ ሶል አርፔጂዮ ለሜጀር ትዝታና ለባቲ ይስማማል። በአምባሰል ግን ሚ የለም፤ በአንቺሆዬ ደግሞ (ይህንን ስንቱ አስተውሎት ይሆን?) ሶል ራሱ ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ለአምባሰል ዶ፣ ፋ፣ ሶል፣ ለአንቺሆዬ ዶ፣ ፋ፣ ላ እየተዘለለ፣ ከታች እስከ 12ኛው ፍሬት፣ በዝግታ ይጠና። ይህንን ያላስተማረ መምህር ተማሪውን ሰነፍ ለማለት ምን መብት አለው?