አንዲት መስመር አይታችሁ ለምትፈርዱ

ይድረስ በሲኤምሲና በአካባቢው ለምትሠሩ የእንስሳት ሐኪሞችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፤

እኔም የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ የምመረምረው ግን ሰውን ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በውሻችን በቦቢ ሰበብ ነው። ቦቢን ወንድሜ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ ነው ያመጣው፤ ከሲኤምሲ ሚካኤል ብዙ የማይርቀውን ግቢያችንን ሁለት ዓመት ጠብቋል። ዘንድሮ ከሳ። የዓይኑ ዙሪያ ጠጉር ረገፈ፣ ጥፍሩ ያለቅጥ ረዘመ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ አፍንጫው ደምቶ አገኘነው። ጉልበቱ ኋላ ስዳስሰው ንፍፊቱ ባቄላ አክሏል። የመጣበትን አገር ስለማውቅ ካላ አዛር ጠረጠርኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ስትሪፕ ላይ አንድ ጠብታ ደም አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ። አንዲት መስመር ወጣች። «ነጌቲቭ ነው፣ ቪታሚን ስጠው» ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ሁለት መስመር ወጣ፤ እዚያ ደግሞ «ቢገደል ይሻላል»። ሁለቱም ኪቶች ለሰው የተሠሩ ነበሩ። ለሰው የተሠራ ሁሉ ለውሻ አይሆንም አልልም፤ መስመሯን የሚያቀላው ፕሮቲን ኤ ከሆነ የውሻንም አንቲቦዲ ይይዛል። የሰውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ቦቢ ቢታመምም ባይታመምም መልሱ ያው ነው። ይህ ሣጥኑ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ይነበባል። ወረቀቷን የገለጠ ሰው አላየሁም።

በሰው ላይ እንኳ አርኬ39 የሚባለው ስትሪፕ በህንድና አካባቢዋ ከ100 ታማሚ 97 ያህሉን ሲይዝ፣ በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ 85 ገደማ ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ስትሪፑ «የለም» ሲል ዳት የሚከተለው። ሱዳናዊው አብደላ ኤል ሐሪስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ያበጁት ምርመራ ነው። ሴረሙን እያቀጠንክ ሰማያዊ ቀለም ከጠጣው ተሕዋስ ጋር ታሳድረዋለህ፤ ጠዋት የጉድጓዱ ግርጌ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ነጥብ ካለች ነጻ ነው፣ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ካደረ አንቲቦዲ አለ። ለሰው ብዙ ጊዜ 1፡3200 ድረስ ይጠበቃል፤ ለውሻ 1፡320 ላይ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። አንዱን ቁጥር በሌላው ቦታ መጠቀም ስሕተት ነው።

በ2011 (በፈረንጆቹ) የታተመ የቃፍታ ሁመራ ጥናት ጤነኛ የሚመስሉ ውሾችን በሁለቱም መርምሮ፣ ዳት ስትሪፑ ካገኘው ሁለት እጥፍ ገደማ ፖዘቲቭ አገኘ። ይህን ይዞ «እንግዲያው ዳት ይበልጣል» የሚል አጋጥሞኛል። ብዙ የከሰሰ ሁሉ እውነተኛ ምስክር ነው እንዴ? መቅኔ ወይም ንፍፊት ወግቶ በማይክሮስኮፕ ወይም በፒሲአር የሚያይ ሦስተኛ ከሌለ፣ ንጽጽሩ ሁለቱ ምን ያህል እንደተስማሙ እንጂ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይነግረንም። አንቲቦዲ ያለው ውሻ ሁሉም ታማሚ አይደለም።

ውሻ ነው ብላችሁ አትናቁት። በ2005 (በፈረንጆቹ) በሊቦ ከምከም ካላ አዛር እስኪታወቅ ድረስ ሰው ወባ ተብሎ ሲታከም ከረመ። በኋላ የተደረገው ጥናት ቀን ከግራር ሥር መተኛትን፣ ማታ ደጅ ማደርንና ውሻ ማኖርን ከበሽታው ጋር አያያዘ። ውሻ በእኛ አገር ተሕዋሱን ለሰው ማቆየቱ ገና የሚያከራክር ነው፤ በአንድ ስትሪፕ መግደል ግን ክርክሩን አይፈታም። ውሻ በመግደል የምትወቀሰው ብራዚል እንኳ የፈጣኑን ምርመራ ውጤት በኤላይዛ ታረጋግጣለች።

ውጤት ስትሰጡ «ፖዘቲቭ» ብቻ አትጻፉልን፤ በምን እንደተሠራ፣ የኪቱን ስም፣ ዳት ከሆነ እስከ ስንት እንደቀጠነ ጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ሲከሳ መዥገር የሚያመጣውን ኤርሊኪያም አስቡ፤ አፍንጫ ማድማት እሱም ያውቅበታል።

ቦቢ አልተገደለም። ንፍፊቱን አንድ ወዳጄ የእንስሳት ሐኪም ወጋልኝ፤ በጊምሳ ቀብቼ ሁለት ማታ ፈተሽኩት፣ ተሕዋስ አላገኘሁም። ንፍፊት ብዙ ጊዜ እንደሚደብቅ ስለማውቅ ነጻ ነው አላልኩም። ስላይዱ እኔ ዘንድ ነው፤ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ።