ከጥናቱ የወጡት የት ሄዱ?

«ካርዳቸው ያልተሟላ ታካሚዎች ከጥናቱ እንዲወጡ ተደርጓል።» በየሆስፒታሉ ከሚሠሩት ወደ ኋላ ተመልሰው ከሚያዩ (ሪትሮስፔክቲቭ) ጥናቶች መካከል ይህች ዓረፍተ ነገር የሌለችበትን ማግኘት ያስቸግራል። የአምስት ዓመት ካርድ ከካርድ ክፍል ይወጣል፤ ይገላበጣል፤ የጎደለው ወደ ጎን ይደረጋል፤ የተሟላው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጥናቱን የሠራው ሬዚደንት ይመረቃል፣ አማካሪው ስሙ በመጨረሻ ይሰፍርለታል፣ እኛም «የበሽታው ገጽታ በአገራችን» የሚል ርዕስ እናነባለን። ጥናቱ በሳንባ ምች ላይ ቢሆን ነገሩን እንደምንም ባለፍነው፤ ታካሚው ብዙ ነው፣ መቶ ካርድ ቢጎድል ሌላ መቶ ይተካዋል። ዕድሜ ልክ በሚከተልና ጥቂት ሰው ብቻ በሚይዝ በሽታ ላይ ግን ይህ አሠራር ትዕግሥት ያስጨርሳል። እዚያ ላይ የተጣለው ካርድ ራሱ ግኝቱ ነውና።

ሂሞፊሊያን እንውሰድ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፋክተር 8 ወይም ፋክተር 9 ሲጎድል የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከእናት የሚወረስና ወንዶችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ዘርና አገር አይመርጥም። በ2019 እ.ኤ.አ. የስድስት አገሮችን መዝገብ አንድ ላይ ያየ ጥናት ከ100,000 ወንድ ሕፃናት 24.6ቱ ከሂሞፊሊያ ኤ፣ 5ቱ ደግሞ ከሂሞፊሊያ ቢ ጋር እንደሚወለዱ አስልቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ግማሹን ወንድ ብንል በየዓመቱ ከ400 በላይ ሂሞፊሊያ ያለባቸው ልጆች ይመጣሉ ማለት ነው። አሁን ሠንጠረዡ ውስጥ የገቡትን በጣት የሚቆጠሩ ታካሚዎች እዩና የቀሩት የት እንደደረሱ ጠይቁ። መልሱ ካርድ ክፍል ውስጥ የለም። በስምንተኛው ቀን ተገርዞ ደሙ አልቆም ያለው ሕፃን ካርድ አላወጣም። እንጥሉን ተቆርጦ ሌሊቱን ሲደማ ያደረውም አላወጣም፤ ቤተሰቡ «ዓይን በላው» ብሎ ቀብሮታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ጉልበቱ እያበጠ በቁርጥማት ስም ሲታሽ ከርሞ፣ ሪፈር ተጽፎለት፣ ገንዘብ ተበድሮ ትልቁ ሆስፒታል ይደርሳል። በዚያ ቀን የጎደለውን ፋክተር የሚተካው መድኃኒት ከሌለ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። በቀጠሮው አይመጣም፤ ያለፈው ጊዜ የመሳፈሪያ ብድር ገና አልተከፈለም። ካርዱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቆማል። እነሆ «ያልተሟላ ካርድ»! አጥኚያችን በንጹሕ ኅሊና ያወጣው እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ ለመገመት ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልግም። ለሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ፣ የታክሲ የማያጣ፣ ተከራክሮ የሚያሳክም አባት ያለው ልጅ ነው የሚቀረው። ሠንጠረዡም ታካሚዎቹ በአብዛኛው ከተሜ እንደሆኑ፣ የሞት መጠኑም ዝቅተኛ እንደሆነ ቢነግረን ምን ይደንቃል? ቤቱ የሞተ ሰው ሞቱን መጥቶ አያስመዘግብም። ሆስፒታል የመጣን ሰው ብቻ ቆጥሮ ስለ በሽታው መናገር እንደሚያሳስት የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጆሴፍ በርክሰን በ1946 እ.ኤ.አ. በቁጥር አሳይቷል። መድኃኒቱም መዝገቡም በተሟላባቸው በእነዚያ ስድስት አገሮች እንኳ፣ ያው የ2019 ጥናት በሕይወት የተገኙትን የሂሞፊሊያ ኤ ታካሚዎች ሲቆጥር ከ100,000 ወንዶች 17.1 ብቻ ነው ያገኘው። በ24.6 እና በ17.1 መካከል ያለው ክፍተት ዕድሜያቸው ያጠረ ሰዎች ናቸው። የዚያ ጥናት ዋጋው ክፍተቱን ቆጥሮ ማሳየቱ ነው። የእኛው ክፍተቱን «የተወገዱ» ብሎ አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ ያንኑም ስንት እንደሆኑ ሳይነግረን።

«በጥናቱ ውስንነቶች ሥር ጽፈነዋል» ይሉናል። ጽፋችኋል! ኃጢአቱን ጠዋት ተናዝዞ ማታ የሚደግም ሰው ምን ይባላል? ውስንነቱ አራተኛው ገጽ ላይ በትሕትና ይነገርና ማጠቃለያው ላይ ያው ቁጥር የአገር ቁጥር ሆኖ ይቆማል። የሚጠቀሰው ደግሞ ማጠቃለያው ነው።

ብርቅ በሽታን ወደ ኋላ ተመልሶ ከማየት ሌላ መንገድ የለም የሚለው ክርክር ግን እውነትነት አለው፤ አሥር ታካሚ ይዞ ሰፊ የመድኃኒት ሙከራ አይሠራም። ጥያቄው ወደ ኋላ የሚታየው ምን ላይ ነው የሚል ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ኸርብስት የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር የያዛቸው ስምንት ታካሚዎች ነበሯቸው። ስምንት ብቻ! ካርዱ መልስ ሲያጣ እናቶቹን ጠየቁ፤ ለማነጻጸርም የ32 ጤነኛ ሴቶችን እናቶች። ከስምንቱ ሰባቱ በእርግዝናቸው ጊዜ ስቲልቤስትሮል የሚባል ሆርሞን ወስደው ተገኙ፤ ከ32ቱ አንዲትም አልነበረችም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮች እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ። ከዚያም በፊት ታልሙድ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ ያለፈው የአይሁድ መጽሐፍ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች በግርዛት የሞቱባት እናት ሦስተኛውን እንዳታስገርዝ ደንግጓል። የእነዚያ ሊቃውንት ማስረጃ የሞቱት ልጆች ነበሩ። እኛ የሞቱትን ከሠንጠረዡ እያወጣን ጥናቱ ጠራ እንላለን።

ጊዜና ገንዘብ የለም ለሚለው ሰበብ ብዙ ቃል አላባክንም፤ የአንድ ወንድም የሞት ምክንያት ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጉዳቱ ደግሞ መጽሔት ላይ አይቀርም። ፋክተር የሚለመነውም የሚገዛውም በተመዘገበው ታካሚ ልክ ነው። ትንሽ ቁጥር ትንሽ መድኃኒት ያመጣል፤ መድኃኒት ያጣ ታካሚ አይመለስም፤ ያልተመለሰው ካርዱ አይሟላም፤ የሚቀጥለው ሬዚደንት ደግሞ ያወጣዋል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትፈርሙ አማካሪዎችና የምታትሙ አዘጋጆች፣ ስንት ታካሚ እንደወጣ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታየ የማይናገር ሥራ ሲቀርብላችሁ መልሱት። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ካለ ይደወልና ልጁ በሕይወት መኖር አለመኖሩ ይታወቅ።